ሽፋን ሆኖ የተረፈው ብራና፦ የጥንት የአውሮፓ አይሁድ ታሪክ ከምን ይጻፋል?

ደጓሿ | ሰኞ ምሽት 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ኋላ እንዳንጨቃጨቅ።

ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ አሁን ቦሎኛ፣ ኢጣሊያ፣ የመጻሕፍት ጥገና እማራለሁ። አያቴ ብራና ፋቂ ነበሩ። የፍየል ቆዳ ገትረው ሲፍቁ፣ ሲያለሰልሱ፣ ፀሐይ ላይ ሲያደርቁ እያየሁ ስላደግሁ ብራና ባየሁ ቁጥር እጄ አያርፍም።

ባለፈው ሳምንት መምህራችን አንድ የ1590ዎቹ የውል መዝገብ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልን። ውስጡ ወረቀት ነው፤ የቤት ሽያጭ፣ ጥሎሽ፣ ኑዛዜ። ሽፋኑ ግን ብራና ነው፤ ብራናው ላይ ደግሞ በሁለት ዓምድ የተጻፈ ዕብራይስጥ። ደጓሹ ለመዝገቡ ልክ እንዲሆንለት ስላዞረው ጽሑፉ በጎኑ ተጋድሟል። በጀርባው መታጠፊያ ላይ የነበሩት ፊደላት ከእጅ ብዛት ተፍቀው አልቀዋል። ወደ ውስጥ የታጠፈው ጠርዝ ግን እጅ ስላልነካው ቀለሙ ትናንት የተጻፈ ነው የሚመስለው። ጠርዙ ላይ መስመር ለማስመር በወስፌ የተወጉ ቀዳዳዎች እኩል እኩል ተደርድረዋል። አያቴ የሚወጉት ልክ እንደዚያ ነበር። ደነገጥኩ።

እዚህ አገር እንዲህ ያለው ቅጠል በሺህ ይቆጠራል። ቦሎኛ፣ ሞዴና፣ ሌሎችም ከተሞች ቤተ መዛግብታቸው ውስጥ አለ። ምሁራኑ ‘የአውሮፓ ጌኒዛ’ ብለውታል። ጌኒዛ ማለት አይሁድ ያረጀ ቅዱስ ጽሑፍ መጣል ስለማይፈቀድላቸው የሚያኖሩበት ዕቃ ቤት ነው፤ ዝነኛው የካይሮው ነው። ይኼኛው ግን ማንም በክብር ያኖረው አይደለም፤ ሽፋን ስለሆነ ብቻ ነው የተረፈው።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። ቦሎኛ አይሁድን በ1569 አባረረች፤ ተመልሰው ገቡ፤ በ1593 ዳግመኛ ተባረሩ። መጽሐፋቸው ሽፋን ሆነ። መቃብራቸው እንኳ ለመነኮሳይያት ገዳም ተሰጥቶ፣ አንዳንዱ የመቃብር ድንጋይ ተገልብጦ ለከተማው መኳንንት መቃብር ሆኗል። ታዲያ ተመራማሪዎቹ የእነዚህን ሰዎች ታሪክ የሚጽፉት ከምን አንሥተው ነው?

ልጠይቅ | ሰኞ ምሽት 3:05

ደጓሿ፣ ይኼማ ምኑ ያስጠይቃል? በ1553 ሮም ላይ ካምፖ ደ ፊዮሪ አደባባይ ታልሙድ (የረቢዎቹ የሕግና የክርክር መጽሐፍ) ተቃጠለ፤ የተረፈውን ወርሰው ለደጓሽ ሸጡት። የአውሮፓ አይሁድ ታሪክ ሲጠቀለል ስደትና አራጣ ነው፤ ይኼን ደግሞ የማያውቅ የለም። ዶክትሬት የሚሠራበት ምን ቀረ?

ሽሮ በቅቤ | ሰኞ ምሽት 3:09

ስምህን ‘ልጠይቅ’ ብለህ እንዲህ ትመልሳለህ? ‘ልፍረድ’ ብለህ ቀይረው።

ደጓሿ | ሰኞ ምሽት 3:31

ልጠይቅ፣ እኔም እንዳንተው ብዬ ነበር፤ መምህሬ ሳቀችብኝ። ከዚያው መደርደሪያ ሌላ ሁለት መዝገብ አወረደች። የአንዱ ሽፋን የላቲን ቅዳሴ ነው፣ ከነዜማ ምልክቱ። የሌላው የላቲን ሕግ። ካቶሊኮቹ የገዛ ቅዳሴያቸውንም ጠርዘውበታል ማለት ነው።

ዋናው ምክንያት ማተሚያ ቤት ነው። እዚሁ ቦሎኛ በ1482 ኦሪት ራሺ ከሚባል ሊቅ ትርጓሜ ጋር ታትሟል። ቬኒስ ላይ ዳንኤል ቦምበርግ የሚባል ክርስቲያን አሳታሚ ሙሉውን ታልሙድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ እስከ 1523 ድረስ አትሞ ጨረሰ። የታተመው በርካሽ ሲገኝ የድሮው ብራና ዋጋ የቆዳ ዋጋ ሆነ። ስለዚህ አንድ ቅጠል ብቻ አይቶ ‘ይህ የተዘረፈ ነው’ ማለት አይቻልም። ተዘርፎ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱ ራሱ ሸጦት ሊሆንም ይችላል። መዝገቡ የተጠረዘበት ዓመት፣ የከተማው ሁኔታ፣ ከዚያው መጽሐፍ የተቆረጡ ሌሎች ቅጠሎች የት እንደተገኙ አንድ ላይ ሲታይ ነው የሚለየው። የአንድ መጽሐፍ ቅጠሎች በሦስት ከተማ መዝገብ ቤት ተበታትነው ተገኝተው ያውቃሉ፤ ፎቶግራፋቸው ጎን ለጎን ተደርጎ ነው የሚገጣጠሙት።

መቃጠሉ ግን ውሸት አይደለም። ከሮም በፊት ፓሪስ ላይ በ1242 በጋሪ እየተጋዘ ተቃጥሏል። ዛሬ ሙሉ ሊባል የሚችል የባቢሎን ታልሙድ የእጅ ጽሑፍ በዓለም ላይ አንድ ነው፤ በ1342 ፈረንሳይ አገር ተጽፎ ሙኒክ የሚገኘው። አንድ ብቻ! ሰው ሁሉ የሽፋን ቅጠል እያሳደደ የሚውለው ለዚህ ነው።

ሒሳብ ያዥ | ሰኞ ምሽት 4:50

የአራጣውን ነገር ለእኔ ተዉልኝ። ለንደን ነው የምኖረው፤ ሥራዬ ሒሳብ ነው። የድሮ የግብር መዝገብ ማንበብ ሱሴ ነው፤ ባለቤቴ ‘ሌላው ሰው ኳስ ያያል’ ትለኛለች።

መጋቢት 1190 ዮርክ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ሕዝቡ በአይሁድ ላይ ተነሣ። አይሁዱ ወደ ንጉሡ ምሽግ ገብተው ተከበቡ፤ 150 ያህል ሰው ገሚሱ ራሱን አጥፍቶ፣ ገሚሱ ታርዶ አለቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። ገዳዮቹ ቀጥታ ወደ ካቴድራሉ ሄዱ። የዕዳ ውሉ የሚቀመጠው እዚያ ነበርና አውጥተው እዚያው አነደዱት። ከመሪዎቹ መካከል ዋና ዋና ተበዳሪዎች ነበሩበት።

ንጉሥ ሪቻርድ ከመስቀል ጦርነት ሲመለስ በ1194 አዲስ ሥርዓት ወጣ። በየከተማው ባለ ሦስት ቁልፍ ሣጥን ይቀመጥ፤ የብድር ውል ሁሉ በክርስቲያንና በአይሁድ ሹማምንት ፊት ይጻፍ ተባለ። ውሉ በአንድ ብራና ላይ ተደግሞ ይጻፍና መካከሉ እንደ መጋዝ ጥርስ እየተወላገደ ይቆረጣል። አንዱ ለአበዳሪ፣ አንዱ ለሣጥኑ፤ ኋላ ደግሞ ለተበዳሪውም ሦስተኛ ተጨመረ። ክርክር ሲነሣ ጥርሱ ካልገጠመ ውሉ ሐሰት ነው። (ዘንድሮ በቁጥር የምንሠራውን በመቀስ ነበር የሚሠሩት፤ ቅናት ያዘኝ።)

ንጉሡ ለአይሁድ አዝኖ እንዳይመስላችሁ። አይሁድ በሕግ የንጉሡ ነበሩ፤ ሲፈልግ ግብር ይጥልባቸዋል፣ አበዳሪው ሲሞት ከርስቱ ትልቅ ድርሻ ይወስዳል። ዮርክ ላይ የነደደው የራሱ ገቢ ነው። በ1290 ሁሉም ከእንግሊዝ ሲባረሩም ሣጥኖቹ ለንጉሡ ቀሩ።

እንግዲህ ልጠይቅ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ከእንግሊዝ አይሁድ የተረፈን ወረቀት አብዛኛው ከዚያ ሣጥንና ከንጉሡ ግምጃ ቤት የወጣ ነው። አንድ ሰው ከ700 ዓመት በኋላ የአዲስ አበባን ሕዝብ ታሪክ ከግብር መዝገብ ብቻ ቢጽፍ ሁላችንም ባለ ሱቅ፣ ሁላችንም ባለ ዕዳ ሆነን እንገኛለን። አዋላጇ የለችም፤ ልብስ ሰፊው የለም፤ ፊደል አስቆጣሪው የለም። ‘አይሁድ ሁሉ አበዳሪ ነበሩ’ የሚለው ወሬ ገሚሱ ከዚህ የመጣ ነው። ዛሬ የሚመራመሩት ሰዎች መዝገቡን አይጥሉትም፤ በጎን ያነቡታል። ለምሳሌ ሴቶቹን። የዊንቸስተሯ ሊኮሪሲያ ሁለት ባል ቀብራ በራሷ ስም ለባላባት የምታበድር ሴት ነበረች። ሁለተኛ ባሏ በ1244 ሲሞት ንጉሡ ከርስቱ ከወሰደው ገንዘብ ብዙው ለዌስትሚኒስተር ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ዋለ። በ1277 ቤቷ ውስጥ ተገድላ ተገኘች፤ ክርስቲያን የነበረች የቤት ሠራተኛዋም አብራት ሞታለች። አይሁዳዊት እመቤትና ክርስቲያን ሠራተኛ አንድ ጣራ ሥር። ይህን ንጉሡ ብሎ አልጻፈውም፤ ወንጀል ሲመረመር የወጣ ነው።

ልጠይቅ | ማክሰኞ ጠዋት 1:20

እሺ ተቀብያለሁ። ግን ስደቱስ? እሱ ደግሞ የወሬ አይደለም።

ሒሳብ ያዥ | ማክሰኞ ጠዋት 1:44

አይደለም። ግን ሳሎ ባሮን የሚባል የታሪክ ሰው በ1928 ይህንኑ ክርክር ከፍቶት ነበር፤ የመካከለኛውን ዘመን አይሁድ ታሪክ የለቅሶ ታሪክ ብቻ አድርጋችሁ አትጻፉት ብሎ። አስቡት፤ ይህን ያለው ናዚዎች የአውሮፓን አይሁድ ከመፍጀታቸው በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የተጻፈ ማንኛውም ጥናት ወይ ከእሱ ጋር ይስማማል፣ ወይ ይጣላዋል። ዝም ብሎ የሚያልፈው የለም።

ሰዋስው | ማክሰኞ ቀን 6:15

የእኔ ነገር ቋንቋ ነው፤ ባጭሩ ልበል ብዬ ነበር፤ አይሆንልኝም።

ራሺ (1040-1105) ትሮዋ የምትባል የፈረንሳይ ከተማ የኖረ የኦሪትና የታልሙድ ተርጓሚ ነው። የእኛ የአንድምታ መምህር ‘ይህ ቃል ባገራችን እንዲህ ማለት ነው’ እንደሚለው፣ እሱም ከባድ የዕብራይስጥ ቃል ሲገጥመው የሰፈሩን የፈረንሳይኛ ቃል በዕብራይስጥ ፊደል ይጽፈዋል። የማረሻ ዕቃ፣ የልብስ ዓይነት፣ የወፍ ስም። በሺህ የሚቆጠር ቃል። በዚያ ዘመን ፈረንሳዮቹ ራሳቸው በአብዛኛው የሚጽፉት በላቲን ስለነበር፣ ዛሬ የጥንት ፈረንሳይኛ የሚያጠና ሰው የግድ ራሺ ጋ ይሄዳል። ቃሉ እንዴት ይነበብ እንደነበር የዕብራይስጡ ፊደል ያሳብቃል። የእኛም አማርኛ ከጥንታዊ ጽሑፎቹ መካከል እነ ዐምደ ጽዮንን የሚያወድሱት መዝሙሮች ናቸው፤ የተገኙትም በግእዝ መጻሕፍት መካከል ነው። የሰፈር ቋንቋ ሁልጊዜ በሰው ቤት አድሮ ነው የሚተርፈው።

ሌላ ልጨምር። ዎርምስ የምትባል የጀርመን ከተማ ማኅበር ሲጸልይበት የኖረ፣ በ1272 የተጻፈ ትልቅ የበዓል ጸሎት መጽሐፍ አለ። በአንድ ገጽ ላይ በጉልህ የተጻፈ የዕብራይስጥ ቃል አለ፤ ፊደሎቹ ወፋፍራም፣ ሆዳቸው ባዶ። አንድ ሰው በዚያ ባዶ ሆድ ውስጥ በደቃቅ ጽሕፈት ቤት የሚመታ ዐረፍተ ነገር ጻፈበት። በእኛ ቢባል ‘ይህን መጽሐፍ ጸሎት ቤት ለሚያደርስ፣ መልካም ቀን ይድረስ’ እንደማለት ነው። ቋንቋው ዪዲሽ ነው (የጀርመን አይሁድ የሰፈር ቋንቋ)፤ ዘመኑ ከታወቀ የዪዲሽ ዐረፍተ ነገር ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነው። መጽሐፉ ከባድ ነበር፤ ከቤት ወደ ጸሎት ቤት የሚሸከም ሰው ያስፈልገው ነበር። ለተሸካሚው ነው የተመረቀው!

በ1938 ናዚዎች የዎርምስን ምኩራብ ሲያቃጥሉ መጽሐፉን የከተማው መዝገብ ቤት ኃላፊ ደብቆ አተረፈው። አሁን ኢየሩሳሌም ነው።

ሽሮ በቅቤ | ማክሰኞ ቀን 6:22

ባጭሩ ቢሆን ኖሮ ምን ልትጽፍ ነበር። (ስለ ተሸካሚው ግን አመሰግናለሁ። ደስ አለኝ።)

ማኅደር | ማክሰኞ ምሽት 1:10

ታሪክ አስተማሪ ነኝ። ማንም ያላነሣው ትልቅ ምንጭ አለ፤ ኢንኩዊዚሲዮን የተባለው የሃይማኖት ፍርድ ቤት። በስፔን ብዙ አይሁድ ከ1391 ዕልቂት ጀምሮ ተጠመቁ፤ ያልተጠመቁት በ1492 ተባረሩ። ፖርቱጋል በ1497 በግድ አጠመቀች። ከዚያ ‘ተጠምቀው በስውር አይሁድ ናቸው’ እየተባለ ሰው ይከሰስ ጀመር። ሊዝበን ያለው ቤተ መዛግብት ብቻ ወደ 40,000 የሚጠጋ የክስ መዝገብ ይዟል።

የክሱ ማስረጃ ምን መሰላችሁ? ወጥ ቤት ነው። የአሳማ ሥጋ አትበላም። ዓርብ ማታ ንጹሕ አንሶላ ታነጥፋለች። ዓርብ አዳፊና የሚባል ወጥ ጥዳ፣ ሽንብራውንና ሥጋውን ፍም ላይ አሳድራ ቅዳሜ ትበላለች። የምትመሰክረው ብዙ ጊዜ የቤት ሠራተኛዋ ነች። በዚህ ዓይነት ዳኛው ሳያስበው የ500 ዓመት የምግብ አሠራር አስቀመጠልን።

ምሁራኑ ግን እዚህ ላይ ተጣልተዋል። ይጽሐቅ ባየር ‘መዝገቡ እውነት ነው፤ የተጠመቁትም በልባቸው አይሁድ ነበሩ፣ አንድ ሕዝብ ናቸው’ አለ። ቤንጽዮን ኔታንያሁ (የፖለቲከኛው አባት፤ ሙያው ታሪክ ነበር) ደግሞ በተቃራኒው ‘በፍርሃትና በግርፋት የተገኘ ቃል ነው። የራሳቸው የረቢዎቹ ጽሑፍ ሲታይ አብዛኞቹ እውነተኛ ክርስቲያን ሆነው ነበር፤ የተጠሉት ለዘራቸውና ለሹመታቸው ነው’ ብሎ ተከራከረ። ለዚህም በ1449 ቶሌዶ ላይ ‘የአይሁድ ደም ያለበት ሹመት አያገኝም’ ተብሎ የወጣውን ደንብ ይጠቅሳል።

እኔ ለተማሪዎቼ የምላቸው፣ ወጥ የጣደች ሴት ሁሉ ሃይማኖቷን እየጠበቀች አይደለም፤ አንዳንዷ እናቷ የምትሠራውን ወጥ ነው የሠራችው። ግን ይህ የእኔ ግምት ነው።

የአምቦበር ልጅ | ማክሰኞ ምሽት 3:35

ልጆቼ፣ ስታወሩ ሦስት ጊዜ አነበብኳችሁ። ቤተ እስራኤል ነኝ፤ ከነታንያ፣ እስራኤል፣ ነው የምጽፍላችሁ፤ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ።

ስለ አዳፊናው፦ እኛ ጎንደር አጠገብ አምቦበር መንደራችን እያለን ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋ ነበር። ፍም አናሳድርም። ሰንበትን በቀዝቃዛ ምግብና በዳቦ ነው የምናከብረው። እዚህ መጥቼ የጎረቤቴ የሞሮኮ ሴትዮ ሌሊቱን እሳት ላይ ያደረ ወጥ ቅዳሜ ስታቀርብልኝ ‘ሰንበት ሻረች’ ብዬ እህል ሳልቀምስ ወጣሁ። ኋላ ነው የገባኝ፤ እነሱ ታልሙድ ፈቅዶላቸዋል። እንግዲህ በአንዱ አገር ሰንበት የማክበር ምስክር የሆነው ወጥ፣ በሌላው ሰንበት መሻር ነው። ተመራማሪ ይህን ሳያውቅ የእኛን ታሪክ ሲጽፍ ስንት ስሕተት እንዳደረገ አልነግራችሁም።

ሴት ልጄ ትምህርት ቤት ስትማር የአይሁድ ታሪክ ማለት ራይን ወንዝ፣ ስፔን፣ ፖላንድ ነበር። ‘አባባ፣ እኛ የት ነበርን?’ ትለኛለች። ያኔ መልስ አልነበረኝም። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታ መልሱን እሷ አመጣችልኝ፤ እኔ እሷ ያለችኝን ነው የምጽፈው።

ዳዊት ኢብን ዚምራ የሚባል ታላቅ ረቢ ነበር፤ ‘ራድባዝ’ ይሉታል። ስፔን የተወለደ፣ በ1492 በልጅነቱ የተባረረ፣ ኋላ ካይሮ ላይ ዳኛ የሆነ። ሰው ከየአገሩ ጥያቄ ይልክለታል፤ እሱ በጽሑፍ ይመልሳል። አንድ ቀን የመጣለት ጥያቄ ከኩሽ አገር፣ ማለት ከእኛው አገር፣ በምርኮ ስለተወሰደች ሴት ነው። አንድ አይሁዳዊ ገዝቷት ወንድ ልጅ ወለደችለት። ልጁ አድጎ ከማኅበሩ ሊያገባ ፈለገ፤ ይፈቀዳል ወይ? ሴትዮዋ ስትጠየቅ አገሯ ላይ ባል እንደነበራት፣ ጠላት መጥቶ በጸሎት ቤት የነበሩትን ወንዶች ፈጅቶ ሴቱንና ልጁን እንደማረከ ተናገረች። ራድባዝም መረመረና ‘ከዳን ነገድ የሆነች አይሁዳዊት ናት’ አለ።

በ1973 የእስራኤል የሴፋርድ አይሁድ ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ ስለ እኛ ስለ ቤተ እስራኤል ሲፈርዱ የጠቀሱት ይህንኑ ጽሑፍ ነው። በ1975 የመመለሻው ሕግ፣ አይሁድ እስራኤል እንዲገባ የሚፈቅደው፣ ለእኛም ሆነ። የ16ኛው መቶ ዘመን የጋብቻ ጥያቄ ለእኔ የአውሮፕላን ትኬት ሆነልኝ ማለት ነው።

ልጠይቅ | ማክሰኞ ምሽት 3:52

ጋሼ፣ ይኼን አላውቅም ነበር። ለካ የአውሮፓና የእኛ ታሪክ እንዲህ ይገናኛል።

ማኅደር | ማክሰኞ ምሽት 4:06

ሌላም መገናኛ አለው። ዳዊት ሬዑቤኒ የተባለ ሰው በ1524 ሮም ገብቶ ‘የጠፉት ነገዶች ንጉሥ ወንድም ነኝ’ ብሎ የሮሙን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 7ኛን አነጋገረ፤ ቀጥሎ ፖርቱጋል ሄዶ ንጉሡ ፊት ቀረበ። ማስታወሻው ላይ በስናር፣ ሱዳን፣ በኩል እንዳለፈ ይጽፋል፤ ስለ ፉንጅ መንግሥት ከተጻፉ ጥንታዊ ምስክሮች አንዱ እሱ ነው። አስቡት፤ በዚያው ጊዜ የፖርቱጋል መልእክተኞች እኛ አገር ልብነ ድንግል ድንኳን ናቸው። ሰውየው አታላይ ይሁን እውነተኛ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። አታላይም ቢሆን መንገዱን በደንብ ያውቅ ነበር።

ሐኪም ነኝ | ማክሰኞ ሌሊት 5:18

ስለ ወረቀት ብቻ ስታወሩ አጥንቱን ረሳችሁት። ኖርዊች፣ እንግሊዝ፣ በ2004 የገበያ ማዕከል ሲሠራ ከአንድ የውሃ ጉድጓድ ቢያንስ የ17 ሰው አጥንት ወጣ፤ ብዙዎቹ ልጆች። በ2022 የወጣው የዘረ መል ጥናት ሦስቱ እኅትማማች እንደሆኑና ሰዎቹ የአሽከናዝ አይሁድ (ከጀርመንና ከአካባቢው የወጡት) ሳይሆኑ እንደማይቀሩ አሳየ። ዘመኑ እዚያው ኖርዊች ላይ በ1190 አይሁድ ከተገደሉበት ጋር ይገጥማል። በዚያው ዓመት ኤርፉርት፣ ጀርመን፣ ከ14ኛው መቶ ዘመን የአይሁድ መቃብር ከወጡ 33 ሰዎች ጥርስ የተሠራ ጥናት ታተመ። ማኅበሩ በዘር ሁለት ዓይነት ሰው የተቀላቀለበት ነበር። የአሽከናዝ አይሁድ ከጥቂት ቤተሰብ የበዙ መሆናቸውም ከዚያ ዘመን በፊት የጀመረ ነው። ይህን መዝገብ አይነግራችሁም።

የአምቦበር ልጅ | ረቡዕ ጠዋት 12:40

ዶክተር፣ ሙያህን አከብራለሁ። ግን መቃብር መክፈት በእኛ ሕግ ነውር ነው። ኤርፉርት ላይ ምን ብለው ፈቀዱ?

ሐኪም ነኝ | ረቡዕ ጠዋት 1:30

ትክክለኛ ጥያቄ ነው ጋሼ። ለጥናት ብለው አልቆፈሩም። አይሁድ ከከተማው ከወጡ በኋላ መቃብሩ ላይ ጎተራ ተሠርቶበት ነበር፤ በዘመናችን ጎተራው ሌላ ጥቅም ላይ ሊውል ሲል ነው የማዳን ቁፋሮ የተደረገው። የአካባቢው የአይሁድ ማኅበር ቀድሞ ከወጣው አጽም ጥርስ እንዲወሰድ ፈቀደ፤ ጥርስ ከአጥንት የተለየ ነው የሚል የሕግ ምክንያት ተገኝቶለት። የኖርዊቾቹ በ2013 በአይሁድ መቃብር ዳግም በክብር ተቀብረዋል።

አወያይ | ረቡዕ ጠዋት 3:00

4 መልስ ከዚህ አጥፍቻለሁ። ‘እውነተኛው አይሁድ ማነው’ የሚለው የራሱ ክር አለው፤ እዚያ ተፋጁ። እዚህ ምንጭና ምርምር ብቻ።

ልጠይቅ | ረቡዕ ቀን 7:12

አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ጋሼ ያሉትን ዓይነት የረቢዎች ጥያቄና መልስ በትርጉም ሳነብ ባለጉዳዮቹ ሁሉ ሮቤልና ስምዖን ናቸው። ሮቤል ከስምዖን ቤት ገዛ፣ ሮቤል ስምዖንን ከሰሰ። ይህ ሁሉ ሰው አንድ ስም ነበረው?

ሰዋስው | ረቡዕ ቀን 7:20

ሮቤል ‘እገሌ’ ነው፤ ስምዖን ‘እገሌ ሁለተኛ’። ረቢው ሕጉን ለማስተማር ስሙን፣ ብዙ ጊዜም ከተማውን አውጥቶ ይጥለዋል። ለተማሪ ጥሩ ነው፤ ለታሪክ ጸሐፊ መርዶ ነው። የሒሳብ ያዥ መዝገብ ስም አለው፣ ሕይወት የለውም። ይኼኛው ሕይወት አለው፣ ስም የለውም። ሁለቱን ያገናኘ ሰው ነው ስሙ የሚነሣው።

የአምቦበር ልጅ | ረቡዕ ቀን 8:05

ልጄም ያለችኝ ይህንኑ ነው። የኩሿን ሴት የገዛት ሰው እንኳ ‘ሮቤል’ ተብሏል። የእሷ ስም ግን የለም።

ደጓሿ | ሐሙስ ምሽት 2:25

ተመለስኩ፤ ይህን ሁሉ ሳነብ ፈተናዬን ልወድቅ ነበር።

ሁለት ወሬ ይዣለሁ። አንደኛው፣ ስለ ዕድሜ ግምት እንዳንኩራራ። እዚሁ ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት 36 ሜትር የሚረዝም የኦሪት ጥቅልል አለ። በ1889 ካታሎግ የሠራው ሰው ‘17ኛው መቶ ዘመን’ ብሎ ጽፎ አለፈ። በ2013 ማውሮ ፔራኒ የተባሉ ፕሮፌሰር አዲስ ካታሎግ ሲሠሩ ፊደሉ ገረማቸው፤ ታላቁ የአይሁድ የሕግ ሊቅ ማይሞኒደስ ኋላ ያገደው ዓይነት አጻጻፍ አለበት። በካርቦን ሲለካ ከ1155 እስከ 1225 ባለው ጊዜ የተጻፈ ሆነ፤ ከሚታወቁት ሙሉ የኦሪት ጥቅልሎች ሁሉ የቀደመ። ከመቶ ዓመት በላይ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር።

ሁለተኛው የእኔው መዝገብ ነው። ሽፋኑ ይነጠል ወይስ ይቅር ብለን ተከራከርን። ድሮ ይነጥሉ ነበር፤ ቅጠሉ ሙሉ ይነበባል፣ ግን መዝገቡ ራቁቱን ይቀራል፤ ማን የት እንደጠረዘው የሚያሳየው ክርና ስፌትም ይጠፋል። መምህሬ ‘አይነጠልም’ አለች። ስለዚህ የታጠፈውን ጠርዝ በቀጭን የአጥንት ማንሻ ቀስ ብለን ከፍ አድርገን በጎን ብርሃን ፎቶ አነሣን። ዋናው ጽሑፍ የነቢያት መጽሐፍ ነው፤ እሱ ታውቋል። ጠርዙ ላይ ግን በሌላ እጅ የተጻፈ ትንሽ ነገር አለ። መምህሬም አልገባትም። ጋሼ፣ ልጅዎ ታየው ይሆን? ፎቶውን በውስጥ ልኬልዎታለሁ።

የአምቦበር ልጅ | ዓርብ ጠዋት 2:10

አየችው። ቃል አይደለም ትላለች። አንዲት ‘አሌፍ’ ስድስት ጊዜ ተደጋግማለች፤ የመጀመሪያዎቹ ደብዛዛ ናቸው፣ የመጨረሻዋ ደማቅ። ጸሐፊው ብዕሩን እየቀረጸ ሲሞክር ነው።

ደጓሿ | ዓርብ ጠዋት 2:16

ፍትነተ ብርዕ! አያቴም እንዲሁ ጠርዝ ላይ ነበር የሚሞክሩት። እመቤቴ ትመርቅልኝ ለልጅዎ።

የአምቦበር ልጅ | ዓርብ ጠዋት 2:20

አሜን። ሰንበት ሊገባ ነው፤ ከእሑድ በኋላ እንገናኝ።